የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥርና የመዋጋት አቅም

ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ጤና ተቋማት በአንዱ ደም ሰጥተው ውጤት ሲቀበሉ በወረቀቱ ራስጌ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መስመር የነጭ የደም ሕዋሳትን ብዛት የሚናገረው ነው። ባለሙያዎች «ሲቢሲ» የሚሉት አጠቃላይ የደም ቆጠራ ከእነሱ ይጀምራል። ከቁጥሩ አጠገብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ብዙ ሰው ይደነግጣል። «ነጭ ደሜ ወርዷል» ብሎ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄድ አለ። «ነጭ ደሜ ደህና ነው ተብያለሁ» ብሎ ደግሞ ወር ያለፈውን የእግሩን ቁስል ችላ የሚል አለ። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው አንድ ነገር ነው። ወረቀቱ የሚነግራቸው ሕዋሳቱ ስንት እንደሆኑ ብቻ ሆኖ ሳለ እነሱ ግን የመዋጋት አቅማቸው የተለካ መስሏቸዋል።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በአዋቂ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ጠብታ ሃምሳኛ ገደማ፣ በተለምዶ ከ4,000 እስከ 11,000 ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ በሺህ ስለሚጽፍ 6.2 የሚል ካዩ 6,200 ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ በአብዛኛው አዋቂ ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ሲሆኑ፣ ከቁስል የሚወጣው መግልም በአብዛኛው ተዋግተው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው። ሊምፎሳይቶች ጠላትን ለይተው የሚያስታውሱና ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ ናቸው። ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ከፍ ብለው ከተገኙ ሐኪሙ የአንጀት ትላትልን ወይም አለርጂን ያስባል።

ቁጥሩ ሲጨምር ሁልጊዜ ኢንፌክሽን ነው፣ ሲቀንስ ሁልጊዜ «አቅም ማጣት» ነው ማለት አይቻልም። እውነተኛ ታይፎይድ የያዘው ሰው ነጭ የደም ሕዋስ ብዙ ጊዜ በመደበኛው ልክ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል። ወደ ባኮ ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው ሰውም እንዲሁ ዝቅ ሊልበት ይችላል። ታይፎይድን ካነሳን አይቀር፣ በየከተማው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚያሰኘው ፈጣን የደም ምርመራ በአብዛኛው የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ያ ደግሞ ከቀድሞ ሕመም ወይም ከሌላ ተህዋስ የተረፈ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ፀረ ተህዋስ መድኃኒት መጀመር ብዙ ሰው ላልያዘው በሽታ እንዲታከም አድርጓል። ትኩሳት ላለበት ሰው የተሻለው መንገድ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ተወስዶ ባክቴሪያው ራሱ በላቦራቶሪ እንዲያድግ ማድረግ ነው። ይህ ምርመራ በሚገኝበት ሆስፒታል ካሉ መጠየቅ መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ መዋጋታቸው ፍጹም ጤናማ የሆነ ሰዎች አሉ፤ በሀገራችን ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ብዙ አፍሪካውያን፣ የመናውያን እንዲሁም በርካታ ኢትዮጵያውያን የኒውትሮፊላቸው ቁጥር የመማሪያ መጻሕፍት መነሻ ከሚያደርጉት 1,500 በታች ሆኖ ዕድሜ ልካቸውን ያለ አንዳች ችግር ይኖራሉ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታወቀ። ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳታቸው ላይ የማይገኝ ሰዎች በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኒውትሮፊል በተፈጥሮ አነስ ይላል። ይኸው የዘር ጠባይ ቫይቫክስ ከሚባለው የወባ ዓይነት የተወሰነ መከላከያ ይሰጣል፤ በሀገራችን የሚታየው ተሞክሮ ግን መከላከያው ሙሉ እንዳልሆነ አሳይቷል። የእነዚህ ሰዎች የአጥንት መቅኔ ጤነኛ ነው። ኢንፌክሽን ሲመጣ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሕዋሳቱም ሥራቸውን ይሠራሉ።

የውጭ መለኪያ ለእኛ ሰው ሁልጊዜ እንደማይመጥን በሌላ ጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሥራ ኤች አይ ቪ በሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ሲዲ4 የሚባሉት ሕዋሳት ከኔዘርላንዳውያን ዝቅ ብለው እንደሚገኙ አመልክቷል። ስለዚህ የምመክርዎ ቀላል ነው፤ የድሮ ውጤቶችዎን አይጣሉ። ከሦስት ዓመት በፊት 3,400 የነበረ፣ ዛሬም 3,300 የሆነ፣ የማያመው ሰውና ባለፈው ዓመት 7,000 የነበረ፣ ዛሬ 3,300 የሆነ ሰው ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ሐኪሙ ይህን ልዩነት የሚያየው ወረቀቱን ይዘው ከመጡ ነው። ለብቻው የተገኘ ትንሽ ዝቅታ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራውን መድገም በብዙ ሁኔታ በቂ ነው። «ነጭ ደም ይጨምራል» ተብሎ በየመደብሩ የሚሸጥ እንክብል ግን ገንዘብ ከመጨረስ ያለፈ ጥቅሙ አልታየኝም። ስለ ፍል ውኃም የሚጠይቁ አሉ። የአምቦ ፍል ውኃ ለደከመ ጡንቻና ለመገጣጠሚያ ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል፣ መዝናኛነቱም መልካም ነው፤ ነጭ የደም ሕዋስን ግን አያበዛም፣ አያጎብዝምም።

ይህን ያልኩት የወረደ ቁጥር ሁሉ ይናቅ ለማለት አይደለም። ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሆኖ ትኩሳት ካለ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ የሚያስፈልገው አደጋ ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት አይቆይም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን ተነግሯቸው ይሆናል። ብዙም ያልተነገራቸው ግን የእንቅርት ታካሚዎች ናቸው። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ የሚታዘዙት ፕሮፒልታዮዩራሲል እና ካርቢማዞል ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ከብዙ መቶ ታካሚዎች በጥቂቶቹ ላይ ግን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ኒውትሮፊልን በድንገት ሊያጠፉ ይችላሉ። ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከጀመረዎ እንደ ተራ ጉንፋን አይቁጠሩት። የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደው የደም ቆጠራ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ስም ይናገሩ። ጌዶም ይሁኑ ጀልዱ ቆጠራው ብዙ ጊዜ የማይወስድ ምርመራ ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ እስኪሄዱ አይጠብቁ።

ተቃራኒው ደግሞ ቁጥሩ ያማረ፣ ውጊያው የደከመ ሰው ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ወረቀቱ ምንም አይናገርምና።

አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያን እስኪገድል የሚያልፍበትን መንገድ ያስቡ። በመጀመሪያ ከደም ሥር ግድግዳ ላይ መያዝና ሾልኮ መውጣት አለበት። ከዚያ ቁስሉ ወዳለበት ቦታ በኬሚካል ምልክት እየተመራ ይጓዛል። ሲደርስ ባክቴሪያውን ከብቦ ይውጠዋል። በመጨረሻም በውስጡ ኦክስጅንን ወደ መርዝነት ለውጦ ይገድለዋል። ሕዋሳት ተህዋስን እንደሚውጡ ለዓለም ያስረዳው ኤሊ ሜችኒኮፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያኗ መሲና ከተማ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ወግቶ ሕዋሳቱ ዙሪያውን ሲሰበሰቡ ተመለከተ። በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፖል ኤርሊሽ ጋር ተጋርቷል። ከአራቱ ደረጃዎች አንዱ ከተበላሸ ሠራዊቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጠላት ያሸንፋል።

ስኳር በሽታ ይህን ሥራ ከሚያበላሹት ነገሮች በጣም የተለመደው ነው። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ኒውትሮፊሎች ወደ ቁስሉ የሚያደርጉት ጉዞ ይዘገያል፤ መዋጥና መግደላቸውም ይዳከማል። ቆጠራው 8,000 ብሎ ሊነበብ ይችላል። የታካሚው አውራ ጣት ላይ ያለው ትንሽ ቁስል ግን አይሽርም፣ ብጉንጅ እየተመላለሰ ይወጣል፣ ሽንት ይቆጠቁጣል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያስፈልገው ውድ ምርመራ አይደለም። በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ አለ ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር ስኳሩ ሲስተካከል የሕዋሳቱ አቅም በአብዛኛው መመለሱ ነው። አምቦ አካባቢ በባዶ እግሩ ወይም በተቀደደ ጫማ የሚያርስ የስኳር ታካሚ ካለዎት ማታ ማታ እግሩን በብርሃን ያዩለት።

ሁለተኛው ደግሞ ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣው ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ሐኪም በልክ ሲያዝዛቸው ነፍስ አዳኝ መድኃኒቶች ናቸው። «ለመወፈር»፣ «የምግብ ፍላጎት ለመጨመር» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዳቸው ሰው ግን የሚገርም ነገር ያይ ይሆናል፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ይጨምራል። ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ይጠባበቁ የነበሩት ሕዋሳት ተላቀው ከሌሎቹ ጋር ስለሚንሳፈፉ ማሽኑ ብዙ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ነገር ግን ከደም ሥር ወጥተው ቁስሉ ዘንድ መድረስ አቅቷቸዋል። ቁጥሩ ወጣ፣ መከላከያው ወረደ ማለት ነው። ተኝቶ የነበረ ሳንባ ነቀርሳ በዚህ ሳቢያ የሚቀሰቀስበት ሰው አለ። ለወራት ሲወስዱት ከነበረም በድንገት ማቆሙ ራሱ አደገኛ ስለሆነ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሱ።

የምግብ እጥረትም እንዲሁ ነው። በጽኑ የተጎዳ ሕፃን ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት እንኳ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ ሰውነቱ የሚዋጋበት አቅም አጥቷልና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትይዘው ባለ ቀለም የክንድ መለኪያ ለዚህ ከብዙ ማሽን ይበልጣል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ባያተኩሰውም በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የሕዋሳትን ውጊያ በቀጥታ የመፈተን ሥራ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። አንድ ዓይነት የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አንዱን ሰው ጥቂት ነጣ ያሉ ቦታዎች ብቻ ሲያወጣበት ሌላውን ለምን መላ ሰውነቱን ይወርረዋል? ከእነሱ ጋር በአንድ ቤት የኖረው ሦስተኛው ሰውስ ለምን ምንም ሳይሆን ይቀራል? ተመራማሪዎቹ ሊምፎሳይቶችን ከደም ለይተው ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር ለቀናት በአንድ ላይ አቆዩ። ጠላቱን የሚያውቅ ሕዋስ ይነቃና ይባዛል፤ የማያውቀው ዝም ይላል። ኖርዌያዊው ሐኪም ቶሬ ጎዳልና ባልደረባው ነጋሲ በ1973 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ከታማሚዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የቀረበ ግንኙነት ከነበራቸው ጤነኞች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን ለይተው እንደሚነቁ አሳዩ። ተህዋሱ ገብቶባቸው ነበር፣ ሕዋሶቻቸው ግን አሸንፈውታል። በሽታው በጣም በተስፋፋባቸው ሰዎች ደም ግን ሕዋሳቱ ዝም አሉ። ይህ ግኝት የሥጋ ደዌን እንደ ዘር እርግማን ለሚያይ ሰው ትልቅ መልስ ይመስለኛል። ጎዳል በኋላ ለድሃ ሀገሮች ክትባት የሚያቀርበው የጋቪ ጥምረት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። በሀገራችን አሁንም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ኦሮሚያና አማራ ውስጥ ናቸው። ቆዳዎ ላይ ስሜት የማይሰጥ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ካለ ይታዩ፤ ሕክምናው ነፃ ነው።

ለሳንባ ነቀርሳም በዚሁ መንገድ የሚሠራ የደም ምርመራ አለ። ደሙ ከነቀርሳ ባክቴሪያ ከተወሰዱ ፕሮቲኖች ጋር ተቀላቅሎ ያድራል፤ ሕዋሳቱ ካወቋቸው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፤ እሱ ይለካል። የሚገርመው ይህ ዘዴ ቀድሞ የወጣው ለከብት መሆኑ ነው፤ አውስትራሊያውያን የላም ነቀርሳን ለማወቅ ሠርተውታል። በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ሆለታ የወተት ላሞች አገር ስለሆነች ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች የፈረንጅ ዝርያ ላሞች ከሀገር በቀሎቹ በበለጠ በነቀርሳ ተጠቅተው ተገኝተዋል። ወተትን ሳያፈሉ አይጠጡ። ምርመራውን በተመለከተ ደግሞ ሕዋሳቱ ነቀርሳን «ያውቃሉ» የሚል ውጤት ታምመዋል ማለት አይደለም፤ ተህዋሱን አንድ ጊዜ አግኝተውታል ማለት ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለብዎ የሚያስፈልግዎ የአክታ ምርመራ ነው።

ኒውትሮፊል መግደል መቻሉን የሚያዩ ምርመራዎችስ? ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የሚሠራው በቢጫ ቀለም ነው። ሕዋሱ ውስጡ ያንን የኦክስጅን መርዝ ካመነጨ ቢጫው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጥና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካልቻለ ቢጫው እንዳለ ይቀራል። አዲሱ ዘዴ ሕዋሳቱን በሚያበራ ቀለም ነክሮ በጨረር ፊት አንድ በአንድ የሚያሳልፍ ማሽን ይጠቀማል። ማሽኑ ከብዙ ዓመታት በፊት በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና መስፋፋት ጊዜ ሲዲ4 ይቆጥሩ ከነበሩት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህን ምርመራ ከዞን ሆስፒታል ላይጠብቁት ይችላሉ፤ ለሁሉም ሰው የሚሠራም አይደለም። ጤነኛ አዋቂ «አቅሜን ልለካ» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡን ያባክናል።

የሚያስፈልጋቸው በአብዛኛው ልጆች ናቸው። ጉንፋን በዓመት ስድስትና ሰባት ጊዜ የሚይዘው ልጅ፣ በተለይ ትምህርት ቤት ከገባ፣ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ሐኪምን የሚያሳስበው ሌላ ዓይነት ልጅ ነው። መግል የቋጠረ እብጠት በቆዳው፣ በአንገት ዕጢው ወይም በጉበቱ የሚደጋገምበት፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚመላለስበት፣ በሻጋታ ፈንገስ የሚታመም፣ በተወለደ ጊዜ የተከተበው የቢሲጂ ክትባት የብብት ዕጢውን ከመጠን በላይ ያመገለበት ልጅ ይታይ። እትብቱ ከወር በላይ ሳይወድቅ የቆየ ሕፃንም እንዲሁ፤ የእሱ ችግር ሕዋሳቱ ከደም ሥር መውጣት አለመቻላቸው ሊሆን ይችላል። በነዚህ ልጆች ቆጠራው መደበኛ፣ አንዳንዴም በጣም ከፍተኛ ሆኖ ስለሚገኝ «ደሙ ደህና ነው» ተብሎ ቤት መመለስ አይገባም።

መግደል የማይችሉ ሕዋሳት የሚወረሱት ባብዛኛው በእናት በኩል ሲሆን የሚታመሙት በብዛት ወንዶች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለሐኪሙ ሲናገሩ የእናቱን ወንድሞች አይርሱ። ሕፃን ሳለ በተደጋጋሚ እብጠት ታምሞ የሞተ አጎት ከነበረ ያ ወሬ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚያስኬድ ሪፈር ሲጻፍልዎ ልጁ የታመመባቸው ቀኖች፣ ከመግሉ የተገኘው ባክቴሪያ ስምና የወሰዳቸው መድኃኒቶች አብረው እንዲሰፍሩ ያድርጉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የሪፈሩን ሰንሰለት መጠበቅ ወጪውን ያቀልልዎታል። ደሙ ከአምቦ ተቀድቶ በሌላ ሰው ከሚላክ ልጁን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ሕዋሳቱ በሕይወት እያሉ፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ከአንድ ጤነኛ ሰው ደም ጋር ጎን ለጎን መሠራት ስላለበት።

እናትየዋም አብራ ትመርመር። በሽታውን ካስተላለፈችው እሷ ከሆነች ከሕዋሶቿ ከፊሉ ሲያበራ ከፊሉ ጨልሞ ይታያል፤ የሚቀጥለው ወንድ ልጇም በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ለዚያ ሕፃን ቢሲጂ ከመሰጠቱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ለሌላው ሕፃን ሁሉ ግን ክትባቱ በተወለደ ጊዜ መሰጠት አለበት። የታመመው ልጅ በየቀኑ በሚወሰድ ኮትራይሞክሳዞልና ኢትራኮናዞል ብዙ ኢንፌክሽን ሊቀንስለት ይችላል። ሻጋታ ከሚበዛበት የበሰበሰ ገለባ፣ ድርቆሽና ፍግ፣ እንዲሁም ከአውድማ አቧራ ማራቅም የሕክምናው አካል ነው።

(ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ በመሆኑ የሐኪምዎን ምርመራ አይተካም።)